ሐራም ነው ወይስ ከበደን?

ጁምዓ ተሰግዶ ሰዉ ሲወጣ፣ በመስጊድ በር ላይ የሐኪም ወረቀትና የራጅ ፊልም ከፍ አድርገው የሚለምኑ ሕሙማንን ያላየ የአዲስ አበባ ሰጋጅ ያለ አይመስለኝም። በቅርቡ እኔም ከአንዱ ፊት ቆምኩ። ወጣት ነው፤ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ በእጥበት የሚኖር። ኪሴ ውስጥ የነበረችውን ጥቂት ብር ሰጥቼ፣ «አላህ ያሽርህ» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ታክሲ ተራ ስደርስ ግን ከዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ የያዝኩት አቋም ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ስብሰባው የተጠራው የማኅበራዊ ጤና መድንን ለማስተዋወቅ ነበር። አዋጁ ቁጥሩ 690 ሲሆን የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደሞዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም ሌላ 3 በመቶ በግዴታ ያዋጣሉ፤ ሠራተኛውና ቤተሰቡ ሲታመሙ ውል በገቡ የጤና ተቋማት ይታከማሉ። 6,000 ብር ለሚያገኝ ሰው በወር 180 ብር መሆኑ ነው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ፣ የቤት ኪራይ ተከፍሎ ለሚተርፈው ሰው ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። አዳራሹ በጉርምርምታ ተሞላ። በዚህ መካከል አንድ ወንድማችን ተነስቶ «ኢንሹራንስ በእስልምና ሐራም ነው፤ እኛን አይመለከተንም» አለ። እኛም ሙስሊሞቹ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከኋላው ተሰለፍን። እውነቱን ለመናገር ጉዳዩን ከመጽሐፍ አገላብጬ አላየሁትም ነበር፤ ደስ ያለኝ 3 በመቶው ስለሚቀርልኝ ነው። የመዋጮው መጀመሪያ ቀንም ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ተቀጥሮ በተደጋጋሚ ተላልፏል።

ታዲያ ዑለማእ ሐራም ያሉት ምኑን ነው? ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1836 የሞቱት የደማስቆው ሐነፊ ሊቅ ኢብን ዓቢዲን፣ ነጋዴዎች በመርከብ ለሚጭኑት ዕቃ ለውጭ ሰው ስለሚከፍሉት «ሰውከራ» ስለሚባለው ገንዘብ ጽፈዋል፤ ከዚያ ውል የሚገኘውን ካሳ መቀበልንም አልፈቀዱም። በእኛ ዘመን የእስላማዊ ጉባዔ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ ተሰብስቦ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሰጠ። የንግድ ኢንሹራንስ፣ ማለትም ኩባንያው ለትርፍ አደጋን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ውል፣ ከባድ «ገረር» (የማይታወቅ ነገር ሽያጭ) ስላለበት ሐራም ነው። በዚያው ውሳኔ ውስጥ ግን ብዙዎቻችን የማንጠቅሰው ሌላ ክፍል አለ፦ በመረዳዳትና በልገሳ ላይ የቆመ የትብብር መድን ይፈቀዳል፤ አካዳሚውም አማራጭ አድርጎ ያቀረበው እሱን ነው። የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማእ ጉባዔም ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1977 ተመሳሳይ አቋም ይዟል።

ልዩነቱ ያለው ገንዘቡ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። በንግዱ ውል እኔ ባልታመም ያዋጣሁት የባለአክሲዮኖች ትርፍ ይሆናል። በትብብሩ ግን እኔ ባልታመም የታመመው ይታከምበታል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.) ያመሰገኗቸው የየመን ሰዎች አሽዐሪዮች በዘመቻ ላይ ስንቃቸው ሲያልቅ፣ ወይም በከተማ ሳሉ የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ፣ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ ዕቃ እኩል ይከፋፈሉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ማን ምን ያህል አመጣ፣ ማንስ ምን ያህል ወሰደ ተብሎ አልተተሳሰበም። የወሎ ሰው ቅሬ የሚለው፣ ከተሜው ዕድር የሚለውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ለቅሬ ሃያ ዓመት ከፍሎ ከቤቱ ሰው ስላልሞተ «ገንዘቤን ተበላሁ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም።

«ቅሬ በፈቃድ ነው፤ ይሄ ግን ግዴታ ነው» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ሸሪዓችን በግዴታ መጋራትን ያውቃል። ሳያስብ ነፍስ ያጠፋን ሰው ጉማ የሚከፍሉት «ዓቂላ» የሚባሉት ዘመዶቹ ናቸው፤ መክፈላቸውም በፈቃዳቸው ላይ የተተወ አይደለም። ገዛሊና ሻጢቢም የሕዝብ ግምጃ ቤት ባዶ ሲሆንና እውነተኛ ችግር ሲመጣ መሪው ባቅመኞች ላይ መዋጮ ሊጥል እንደሚችል ጽፈዋል። ግን ልቅ አድርገው አልተዉትም፤ ችግሩ እውነተኛ፣ መሪው ፍትሐዊ መሆን፣ ገንዘቡም ለተባለለት ነገር መዋል አለበት።

እኔ ዛሬ የማየው ከዚህ ላይ ቆሜ ነው። በዚያ ስብሰባ «ከየት ነህ?» ብለን ያባረርነው የመዋጮውን መኖር ነው፤ መጠየቅ የነበረብን ግን አደራውን ነበር።

ገጠር የሚኖሩ አጎቴ ይህን ከእኔ ቀድመው አይተውታል። ለገበሬውና ቋሚ ደሞዝ ለሌለው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሌላ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው። መዋጮው በአባወራ ይከፈላል፤ መክፈል ለማይችሉት ድሆች ክልልና ወረዳ ይሸፍናሉ። አጎቴ የደም ግፊት አለባቸው። ሁለት ዓመት ከፈሉ። መታወቂያቸውን ይዘው በሄዱ ቁጥር ተመርምረው ወረቀት ይጻፍላቸዋል፤ መድኃኒቱ ግን «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላሉ። በሦስተኛው ዓመት አላሳደሱም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ሐራም ነው ይላሉ» አሉኝ።

«ሁለት ዓመት ሲከፍሉ ሐራም አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

ሳቁና «ልጄ፣ ሐራምነቱን ያወቅሁት መድኃኒቱ ሲጠፋ ነው» አሉ።

አጎቴ ቢያንስ እውነቱን ተናግረዋል። የእሳቸው ቅሬታ ትክክለኛ ቅሬታ ነው፤ ፈትዋ ማልበስ አያስፈልገውም ነበር። ያለበሱት ዕለት ግን ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ ጤና ጣቢያውን «መድኃኒቱ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ፤ ሐራም ነው ብሎ ለሄደ ሰው ማን መልስ ይሰጣል? ሁለተኛ፣ የአላህን ሕግ ለኪሳችን መሸሸጊያ አደረግነው። ኑሮ ከብዶናል ማለት ነውር አይደለም።

ከሃይማኖታችን የሚመነጭ ጥያቄ የለንም ማለቴ ግን አይደለም። ለሕክምና እስኪወጣ ድረስ የሚጠራቀመው ገንዘብ የት ይቀመጣል? ወለድ ያፈራል? በ2013 ዓ.ም. ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ «ከወለድ ነጻ ማስቀመጫ የለም» የሚለው መልስ አይሠራም። የኛ መዋጮ በዚያ መንገድ ይያዝልን ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው፤ ዑለማኦቻችንም ይህን ጽፈው ሊያቀርቡ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚከነክነኝ ግን የመስጊዱ በር ላይ ያለው ወጣት ነው። አዋጁን ለማስፈጸም በ2005 ዓ.ም. የወጣውን ደንብ ቁጥር 271 አውጥቼ አነበብኩት። መድኑ ከማይሸፍናቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አሉ፤ ይህስ ይሁን። የኩላሊት እጥበትም አለ፤ የተፈቀደው ድንገት ለደከመ ኩላሊት ብቻ ነው። ይህ ወጣት ደሞዝተኛ ቢሆን፣ መዋጮውንም ሳያስተጓጉል ቢከፍል፣ በዚያ ደንብ መሠረት በሽታው ሲጸናበት የሚመለሰው ወደዚያው በር ነው ማለት ነው። እጥበት ውድ ነው፤ ሁሉንም ልሸፍን ያለ ካዝና ይራቆት ይሆናል፤ ይገባኛል። ነገር ግን 180 ብሬን የምሰጠው ለጉንፋን ብቻ ከሆነ፣ ጉንፋኑን እኔ ራሴ እችለዋለሁ። ያቃተኝ የእሱን ነው።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ዳግም ሲጠራ እጄን አነሳለሁ። የማነሳው ስለ ኩላሊት እጥበቱ፣ ስለ መድኃኒት ቤቱና ስለ ገንዘቡ ማስቀመጫ ለመጠየቅ ነው።

ወላሁ አዕለም።