መርሳ ተወልደህ መርሳት አቃተህ?

አንተ ልጅ፣ አሁንም ከዚያ ስልክ ላይ ነህ? ጠጋ በል እስቲ፣ እኔም ልየው። እ… ቀይ ሳጥን፣ ስምንት የእርሳስ ወታደር፣ ከሥሩ ደግሞ «ጨረታው ተጠናቋል»። በሁለት ፓውንድ ተበለጥክ? ለሁለት ፓውንድ ነው እንግዲህ ምሳህን እንኳን ያልነካኸው! መርሳ ተወልዶ መርሳት ያቃተው አንተን ብቻ አየሁ።

ስቄብህ አይደለም ወንድምዓለም። ነገሩ ምን እንደሆነ ባላውቅ ኖሮ እስቅ ነበር። ያስረዳኸኝ ግን አንተው ነህ። ብሪተንስ የሚባለው የለንደን አሻንጉሊት ሠሪ፣ ጣልያን በፈረንጅ 1935 ሲወረን ጊዜ አላጠፋም፤ የንጉሠ ነገሥቱን ክቡር ዘበኛ ቁጥር 1424፣ የአገሬውን ዘማች ቁጥር 1425 ብሎ በእርሳስ ቀርጾ ለእንግሊዝ ልጆች ሸጠ። የጣልያንንም ወታደር ጎን ለጎን አወጣ፤ ነጋዴ መቼም ለሁለቱም ወገን ያዋጣል። ኩባንያው የእርሳስ ሥራውን በፈረንጅ 1966 አቁሟል፤ እና ዛሬ በየጨረታው የሚዞረው ያኔ ከልጆች እጅ የተረፈው ነው። ክቡር ዘበኛ ደግሞ በእኛ መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የተዋጋው ጦር ነው። ከደሴ ወደ ማይጨው የሚወስደው መንገድ መርሳን፣ ወልድያን፣ ቆቦን አልፎ ይሄዳል። የዚህ መንገድ ልጅ ስለሆንክ ልብህ እዚያ ሳጥን ውስጥ ቢቀር አይገርመኝም። የሚገርመኝ አጨራረትህ ነው።

እኔ ወልድያ ስንት ዓመት ለሥራ ተቋራጭ የጨረታ ሰነድ ስሞላ እንደኖርኩ ታውቃለህ። በኩር ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ሲወጣ ሰነድ መግዛት፣ ለማስያዣ ሲፒኦ ማሠራት፣ ፖስታ ማሸግ፣ ሣጥን ውስጥ ማስገባት። ስለዚህ ስማኝ።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ባለፈው ወር ያመለጠህን ረሳኸው? ስልክህ 11:00 ይላል፤ አንተ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት ነው ብለህ አላርም ሞላህ። ዶሮ ሲጮህ ተነሥተህ ብታየው ከስድስት ሰዓት በፊት አልቋል። የፈረንጅ የማታ 11 የእኛ ሌሊት 5 ሰዓት ነው። ለንደን ደግሞ በበጋና በክረምት ሰዓቷን ትቀያይራለች፤ ከእኛ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሦስት ሰዓት ትለያለች። ጨረታውን ባየህበት ቀን «ማክሰኞ ሌሊት 5 ሰዓት» ብለህ በአማርኛ ጻፈው። ጭንቅላትህ በሁለት ሰዓት አይሠራም።

ሁለተኛው ዋጋው ነው፤ አንተን የጎዳህም ይኸው ነው። ቅድም ሳይህ 40 አልክ። ሌላው 42 ሲል 44 አልክ። 46 ሲል ላብህ መጣ፤ 48 ብለህ «አሁንስ ያዝኩት» ስትል 50 ብሎ ወሰደው። ይሄ መጫረት ሳይሆን እልህ ነው። እዚያ ላይ «ከፍተኛ ዋጋ» የሚል ቦታ አለ አይደል? እሱ የኛ የታሸገ ፖስታ ማለት ነው። 80 ብለህ ብታስገባ ማሽኑ 80ውን በአንዴ አያወጣብህም፤ ተፎካካሪህን በአንድ እርከን ብቻ እየበለጠ ይጠብቅልሃል። ሌላው 50 ላይ ከቆመ የምትከፍለው ከ50 ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። ከ80 ካለፈ ደግሞ አንተ ተኝተሃል፣ ነገሩ አልቋል፣ እንቅልፍህም አልጎደለም።

«እታለም፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ ገብቶ ነው የቀማኝ» ትለኛለህ። አልቀማህም። መጨረሻ ላይ የሚገቡት ለምን እንደሆነ ልንገርህ? እንደ አንተ ያለው ሰው ሁለት ሁለት ፓውንድ እየጨመረ እንዳያስወድድባቸው ነው። አንተ እውነተኛውን ዋጋህን ቀድመህ ካስገባህ ሰከንዷ ምንም አታደርግህም፤ ማሽኑ ካንተ ፈጥኖ ይመልስለታል። ከዋጋህ በላይ ከሄደ ግን ዕቃው ለእሱ ከአንተ ይልቅ ውድ ነበር ማለት ነው፤ ይውሰደው፣ ይባረክለት።

ዋጋህንም በፓውንድ አትቁረጥ፤ በብር ቁረጥ። ፓውንድ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። በእኛ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር እንዳለፈ አንተም አይተሃል፤ ፓውንዱም አብሮ ነው የወጣው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ አጫራቾች ከተሸጠበት ዋጋ ላይ ኮሚሽን ይጨምራሉ፣ ማጓጓዣው አለ፣ ጉምሩኩ አለ። የምትከፍልልህ ለንደን ያለችው የአክስታችን ልጅ ናት፤ የእሷም ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ይህን ሁሉ ደምረህ የሚወጣው ቁጥር ነው ዋጋው። ድምሩንም በቀን ሥራው፣ ጠግበህ፣ ከሰው ጋር ተቀምጠህ። በሌሊት የተቆረጠ ዋጋ ጠዋት ያሳፍራል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይሉ የለ።

እኔ እንዴት እንዳወቅሁት ልንገርህ፤ ለእማ ግን እንዳትነግራት። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ዕቃዎች በሐራጅ ሲሸጥ ፍሪጅ ልገዛ ሄድኩ። አንድ ሰውዬ እየሳቀ ይጨምርብኛል። ሳቁ አናደደኝና ከቆረጥኩት ዋጋ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ወሰድኩት። ሰዉ አጨበጨበልኝ! ቤት አድርሼ ብሰካው ሞተሩ አይነሣም። ያ ሰውዬ እኮ ዕቃውን ከፍቶ አይቶት ነበር፤ እኔ ግን የሱን ፊት እንጂ የፍሪጁን ጀርባ አላየሁም። ያ ፍሪጅ ዛሬም የበርበሬ ማስቀመጫ ነው።

አንተም የዕቃውን ጀርባ እይ። ወታደሩን ገልብጠው ፎቶ እንዲያነሡልህ ጠይቅ፤ ከሥሩ የሠሪው ስም አለ? ቀለሙ የጥንቱ ነው ወይስ ትናንት የተቀባ? ሲያዩት የሚያምረው፣ አዲስ የተቀባው፣ ለሰብሳቢ ዋጋው የወረደ ነው፤ የተላላጠው ይሻላል። አንገቱ ተሰብሮ የተለጠፈም ሞልቷል። ካገኘኸው ደግሞ ሕፃን እጅ እንዳይገባ፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ከነካካኸው በኋላ እጅህን ታጠብ።

ደግሞ ዛሬ ማታ ወይም ነገ አንድ መልእክት ሊመጣልህ ይችላል፦ «ያሸነፈው ሰው ትቶታል፣ ላንተ ልስጥህ፣ ገንዘቡን ግን በቀጥታ ለእኔ ላክልኝ»። የተሸነፈ ሰው የሚታለለው እንዲህ ነው። ከጨረታው መድረክ ውጭ ሳንቲም እንዳትልክ።

«ቆይቶ ይወደዳል፣ እሸጠዋለሁ» የምትለውንም ተው። አሜሪካኖች በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ቢኒ ቤቢስ በሚሏቸው የጨርቅ እንስሳት አብደው ነበር። በፈረንጅ 1999 ላስቬጋስ ውስጥ የተፋቱ ባልና ሚስት ችሎት ወለል ላይ ቁጢጥ ብለው አንድ ላንተ አንድ ለኔ እያሉ ተካፍለዋቸዋል። ዛሬ አብዛኛውን የሚገዛው የለም። በፈረንጅ 2025 ደግሞ ቤጂንግ ውስጥ ላቡቡ የሚሉት አንድ ቁመተ ረጅም አሻንጉሊት ከአንድ ሚሊዮን ዩዋን በላይ በጨረታ ተሸጠ፤ የእሱን መጨረሻ ቆይተን እናያለን። የምትወደውን ግዛ፤ የምትነግድ ከሆነ የመርሳ ማንጎና ብርቱካን አለልህ፣ ቢያንስ ዋጋውን ታውቀዋለህ።

እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ባዶ እጅህን አትቀመጥ። ፎቶዎቹን አስቀምጥ፤ የትኛው ሳጥን መቼ፣ በስንት እንደተሸጠ በደብተር ያዝ። ስድስት ወር ከጻፍክ ዋጋ የምትቆርጠው በልብ ምት ሳይሆን በደብተር ይሆናል። ግራና የሚኖሩትን አያ ጠይቃቸው፤ አባታቸው ስለ ማይጨው ያወሩትን እየቀረጽክ አስቀምጥ። ያ ወሬ ጨረታ አይወጣም፤ ካለፈ ግን አለፈ ነው። አንተ እኮ ከዘይት ጣሳ መኪና ሠርተህ በቆርኪ ጎማ ሐብሩ ወረዳን ያዞርክ ልጅ ነህ። ያችን መኪና ብታስቀምጣት ኖሮ ዛሬ ማን ይሰጥህ ነበር?

በል አሁን ወረቀት አምጣ። ለሚቀጥለው ሳጥን ዋጋህን በብር ጻፍ፤ እንዳታሳየኝ፣ አጣጥፈህ ስጠኝ። እመቀነቴ ውስጥ አሥረዋለሁ። የጨረታው ቀን እኔ ፊት ትከፍተዋለህ፣ ያንኑ ቁጥር ታስገባለህ፣ ስልኩን ለእኔ ሰጥተህ ትተኛለህ። ሲፒኦ ደግሞ ሳያስይዙ ጨረታ የለም፤ ዛሬ ቡናውን አንተ ታፈላለህ። ሦስቱንም።