ጓያን ለምትመረምር ልጄ

የማስተርስ ጥናትሽ ጓያ ውስጥ ያለውን ቤታ-ኦዳፕ የተባለ መርዝ የሚለካ ሴንሰር መሥራት መሆኑን ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደንቢያና በፎገራ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በደላንታ፣ የስንት ጎልማሳ እግር ሽባ ሆኖ የቀረው በዚህ አሚኖ አሲድ የተነሳ ነው። ስለዚህ የምትጽፊው ቁጥር የሰው ጤና እንዳለበት አስቢ።

1. ቤታውን ከአልፋው ለዪ። ጓያ ሲበስል ከቤታ-ኦዳፕ ከፊሉ ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ወደ አልፋ ይለወጣል። የቆየው የቀለም ዘዴ ሁለቱንም በአልካሊ ሰባብሮ አንድ ውሁድ ስለሚያደርጋቸው ልዩነታቸው ይጠፋል፤ የንፍሮው ውጤት ከእውነተኛው መርዝ በልጦ ይወጣል። ግሉታሜት ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ተመራጭ የሆነው ቤታውን እንጂ አልፋውን ስለማይነካ ነው።

2. ግሉታሜትን ግን አትርሺ። ኢንዛይሙ ከስሙ እንደምታዪው ዋና ሥራው ግሉታሜት ላይ ነው፤ ጓያም ግሉታሜት አለው። ከግሉታሜቱም ከቤታ-ኦዳፑም የሚወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ኤሌክትሮዱም የሚያየው እሱን እንጂ ምንጩን አይደለም። አስቀድመሽ ግሉታሜቱን በኮለም ለዪው ወይም አስወግጂው። ከዚያ በራሱ በጓያው ጭማቂ ላይ የታወቀ መጠን ቤታ-ኦዳፕ ጨምረሽ፣ የጨመርሽው ያህል መልሶ መገኘቱን አረጋግጪ። ንጹህ መፍትሔ ላይ ያማረ ቀጥ ያለ መስመር ብቻውን ምንም አያሳምነኝም።

3. ናኖ ቁስን ለጌጥ አትጠቀሚ። ፐርኦክሳይድን ባዶ ፕላቲነም ላይ ለማቃጠል 0.6 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ታይሮሲንም ቫይታሚን ሲም አብረው ይቃጠላሉ። ፕረሺያን ብሉ ግን በ0 ቮልት አካባቢ ይሠራል፤ ያ ነው ቁም ነገሩ። ካርቦን ናኖቱብ ስትጨምሪ የገጹ ስፋት ያድጋል፤ ያለ ናሙናም የሚፈሰው ከረንት አብሮ ያድጋል። ናኖቱብ የሌለበትን ኤሌክትሮድ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ለኪ።

4. ኤሌክትሮዱን ራስሽ ፈትጊ። በ0.05 ማይክሮን አሉሚና፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ፣ ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ 8 ቁጥር እየሠራሽ። በተጣራ ውሃ አጥበሽ በፌሪሳያናይድ ፈትሺው፤ የከረንቱ ሁለት ጫፎች የቮልት ርቀት ከ59 ሚሊቮልት እጅግ ከራቀ እንደገና ፈትጊ።

5. መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪጁ ውስጥ የነበረውን ኢንዛይም ሳትፈትሺ አትመኚው።

6. ናሙናሽን ከገበያ ብቻ አትግዢ። ጓያ ድርቅን ይቋቋማል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ ገበሬው የሚተማመነው በእሱ ነው። ነገር ግን ድርቁ ራሱ ቤታ-ኦዳፑን ይጨምረዋል፤ መርዙ የሚበዛው ሰው ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅሎ መብላት በማይችልበት ዓመት ነው። ስለዚህ ዝናብ ካጠረበት ማሳ አምጪ፤ ቀበሌውን፣ ዘሩን፣ የተዘራበትን ወር መዝግቢ። ጥሬውንም ቆሎውንም ንፍሮውንም ሽሮውንም ለየብቻ ለኪ፤ ንፍሮው የተቀቀለበትን ውሃም ሳትደፊ ለኪው፤ ከመርዙ የሚሟሟው የሚሄደው ወደዚያ ነው።