የመንደር ጥበቃ በተራ



አንድ በሬ ያለው ገበሬ፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው የሁለት ቤት መሬት ያርሳሉ። ታዲያ በሰኔ፣ በእርሻ ወራት፣ አንዱ በሬ በሌሊት ቢሰረቅ ስንት ቤት ተጎዳ? ሁለት ቤት! የቀረው በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ የጎረቤቴ በረት የኔም በረት ነው።

ዱሮ ንብረት ሲጠፋ አገሬው ለአፈርሳታ ይሰበሰብ ነበር። አውጫጭኝም ይባላል። ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ሰው ሥራ ፈትቶ ይውላል። የቀረ ይቀጣል። ይህ ሁሉ ግን ከተሰረቀ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሏል ይኸ ነው። የተራ ጥበቃ ግን ሌባውን ይቀድመዋል።

እንዴት ይጀመራል?

1. መሰብሰብ። የመንደሩ ሰው፣ ወንዱም ሴቱም፣ ተሰብስቦ ይምከር። አስተባባሪ ይምረጥ። ለቀበሌው አስተዳደርና ለፖሊስ ያስታውቅ። በድብቅ የሚደረግ ጥበቃ ጠብ ያመጣል።

2. ተራ ማውጣት። መንደሩ 28 ቤት ቢኖረው፣ በየሌሊቱ ከ4 ቤት አንድ አንድ ሰው ይውጣ። 28 ለ4 ሲካፈል 7 ነው። እንግዲህ ለአንድ ቤት ተራው የሚደርሰው በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። አቅመ ደካማና በሽተኛ አይገደድ።

3. ቦታና ሰዓት። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ሁለት ሁለት ሆኖ መዞር ነው። ከብት የሚነዳበትን መንገድና የወንዙን መሻገሪያ አትርሱ።

4. ምልክት። ፊሽካ ወይም ጥሩምባ ይያዝ። አንድ ጊዜ ሲነፋ «ደህና ነን» ነው። ሦስት ጊዜ ሲነፋ «ድረሱልን» ነው። ሕፃናትም ጭምር ይወቁት። በጨለማ አትተኩሱ። ጥይት ወዳጅና ጠላት አይለይም።

5. መዝገብ። ፊደል የቆጠረ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጠባቂዎቹን ስምና የታየውን ነገር በደብተር ይጻፍ። ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ግን ይኖራል።

ሰው ቢያዝስ?

እንበል፣ በሌሊት አንድ ሰው ሲሮጥ ተገኘ። «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ ተደበደበ። ኋላ ሲጣራ ሚስቱ ምጥ ይዟት አዋላጅ ሊጠራ የሚሮጥ ጎረቤት ነው። ይህን ጥፋት ማን ይክሰዋል? ስለዚህ መጀመሪያ «ማነህ? ወዴት ነህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሰውዬው በሬ ሲነዳ እጅ ከፍንጅ ቢያዝም አትምቱት። ሳትዘገዩ ለፖሊስ አስረክቡ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት እንደሚለው፣ የተያዘ ሰው የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እስኪፈረድበትም እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። የጠባቂ ሥራ መጠበቅ ነው፤ መፍረድ የዳኛ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

ጥያቄዎች

1. አንድ በሬ ሲሰረቅ ሁለት ቤት የሚጎዳው ለምንድን ነው?
2. 36 ቤት ያለው መንደር በየሌሊቱ 4 ሰው ቢያወጣ፣ ለአንድ ቤት ተራው በስንት ቀን ይደርሳል?
3. በእናንተ መንደር ሌባ የሚያልፍበት መንገድ የትኛው ነው? ተወያዩበት፤ ጻፉት።