የጥገና ትምህርት፦ ክሮቼራ ለምን ቶሎ ቶሎ ይበላል?

እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1985 የተሠሩ ባለ ባሌስትራ ላንድሮቨሮች ሲታደሱ ከፍ ያለ ባሌስትራ ከገባላቸው፣ መኪናው ሊንቀጠቀጥና ክሮቼራው ቶሎ ሊበላ ይችላል። በጉዞ ላይ ቢሰበር አደጋ ያመጣል። ክሮቼራ ብቻ መለዋወጥ ገንዘብ ማባከን ስለሆነ፣ አስቀድመን የዲፈረንሻሉን ፒኞን ዝንባሌ እንለካ።

ምክንያቱ፦ ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የፊትና የኋላ ክሮቼራዎች እጥፋት እኩል ሲሆን አንዱ የሌላውን ያካክሳል። ስለዚህ ከካምቢዮ በኩል የሚወጣው ዘንግና ፒኞኑ ትይዩ መሆን አለባቸው።

አሠራሩ፦
1. መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ በጎማው እናቁም፤ በክሪክ አናንሣው። ጎማውን በድንጋይ እናግድ።
2. የሁለቱንም ዘንጎች ዝንባሌ በዲግሪ እንለካ።
3. ልዩነቱን በአክስሉና በባሌስትራው መካከል በሚገባ የብረት ሽብልቅ እናስተካክል።
4. ነዳጅ ሲሰጥ ባሌስትራው ስለሚጠመዘዝ የፒኞኑ አፍንጫ ቀና ይላል። ስለዚህ ከትይዩው ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ዝቅ አድርገን እንሰር።

መልመጃ፦ የካምቢዮው ዘንግ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ቢያዘቀዝቅ፣ የፒኞኑ አፍንጫ ስንት ዲግሪ ቀና ብሎ ይታሰር?
መልስ፦ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ።