ነብር «ታይገር» አይደለም
ከአዳማ እስከ ሻላ ለሚማሩ፣ ስለ ዱር እንስሳትና ስለ ተፈጥሮ የእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፈ ማብራሪያ

በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ገበታ «ኬ» ላይ ካንጋሩ፣ «ቲ» ላይ ታይገር ይሥላል። ሁለቱም አፍሪካ ውስጥ በዱር አይገኙም። የአዳማ፣ የመተሐራ፣ የባቱ ወይም የሻሸመኔ ተማሪ ግን ከአውቶቡስ መስኮት ሳላና ከርከሮ፣ ጦጣና አባ ኮዳ እያየ ያድጋል። የእነዚህን ስም በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ አብዛኛው «አኒማል» ብሎ ያልፋል፤ ትንሽ የደፈረ ደግሞ «አንቴሎፕ» ይላል።

እዚህ ያሉት ቃላት በአማርኛ ፊደል የተጻፉት ሆን ተብሎ ነው። የላቲኑን አጻጻፍ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ታገኙታላችሁ። መጽሐፉ የማይነግራችሁ አነባበቡን ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው።

ነብር፣ አቦሸማኔ፣ ግስላ

በፈተና ወረቀት ላይ በብዛት ከሚታዩ ስህተቶች አንዱ ነብርን «ታይገር» ማለት ነው። ታይገር የእስያ እንስሳ ሲሆን ሰውነቱ ላይ ያለው ሰንበር፣ ማለትም «ስትራይፕ» ነው። የእኛ ነብር «ሌፐርድ» ይባላል፤ ያለው ነጠብጣብ፣ ማለትም «ስፖት» ነው። ለስህተቱ አንዱ ምክንያት «ዥንጉርጉር» የሚለው ቃላችን ይመስለኛል፤ ሰንበሩንም ነጠብጣቡንም አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል። እንግሊዝኛው ግን የቱን እንደምትሉ እንድትለዩ ያስገድዳችኋል።

አነባበቡንም አስተውሉ። ቃሉ መሐል ላይ «ኦ» ተጽፋለች፣ ግን አትነበብም፤ «ሊዮፓርድ» ብሎ የሚያነብ ተማሪ ፊደሉን አምኖ ነው የሚሳሳተው።

አቦሸማኔ «ቺታ» ነው። ከዓይኑ ጥግ ተነሥቶ እስከ አፉ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው፤ ነብር ይህ የለውም። ሥዕል አሳይተው ሲጠይቋችሁ መጀመሪያ ፊቱን እዩ። ግስላ፣ እንግሊዝኛው «ብላክ ፓንተር» የሚለው፣ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም፤ ጠጉሩ የጠቆረ ነብር ነው። ፀሐይ ላይ ሲቆም ነጠብጣቡ በጥቁሩ ሥር ይታያል።

ሶደሬ ላይ ሙዛችሁን የነጠቀው ማን ነው?

ሶደሬ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ፊቱ ጥቁር፣ በፊቱ ዙሪያ ነጭ ጠጉር ያለው፣ ከዛፍ ወርዶ ዳቦ ይዞ የሚሮጠው ጦጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ «መንኪ»፣ ዓይነቱን መጥራት ከፈለጋችሁ «ቨርቬት መንኪ»። ዝንጀሮ ግን «ባቡን» ነው። አፈ ሙዙ እንደ ውሻ የሾለ፣ አካሉ የገዘፈ፣ አብዛኛውን ቀን መሬት ላይ የሚውል ነው። ጉሬዛ «ኮለበስ» ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰው፣ ወንዶ ገነት ደን ውስጥ የሚታየው።

ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ እዚህ ላይ ችግር ሊኖርበት አይገባም። ቀማሌ፣ ጃልዴሳ፣ ዌኒ ብሎ ሦስቱን ከቤቱ ለይቶ ይመጣል፤ አማርኛውም ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጉሬዛ ይላል። ሆኖም እንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስቱም «መንኪ» ይሆናሉ። ከክፍል ውጭ ያለው እውቀት ክፍል ውስጥ ሲገባ ለምን እንደሚጠፋ መምህራን ልናስብበት ይገባል።

«ኤፕ» የሚለውን ቃልም ተማሪዎች ለዝንጀሮ ይሰጡታል። አይሆንም። «ኤፕ» ጅራት የለውም፤ ጎሪላና ቺምፓንዚ ናቸው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም በዱር የሉም። ጅራት ካያችሁ «ኤፕ» አትበሉ።

ከመተሐራ አልፎ ያለው የአዋሽ ፓርክ በዝንጀሮ አጥኚዎች ዘንድ በዓለም የታወቀ ነው። በአዋሽ ፏፏቴ አካባቢ ሁለት የዝንጀሮ ዓይነቶች ይገናኛሉ። ከላይ በኩል ያለው አረንጓዴ ቀመስ ቡናማው «ኦሊቭ ባቡን» ነው። ከታች በኩል ያለው፣ ወንዱ ግራጫ ጎፈር የሚያወርደው «ሃማድራያስ ባቡን» ነው። መሐል ላይ ሁለቱ ይዳቀላሉ። ከሁለት ዓይነት የተወለደውን እንግሊዝኛው «ሃይብሪድ» ይለዋል። በግብርና ትምህርት «ሃይብሪድ በቆሎ» ሲባል የሰማችሁት ይኸው ቃል ነው።

ቀንድ ያለው ሁሉ «ዲር» አይደለም

ብዙ መዝገበ ቃላት አጋዘንን «ዲር» ብለው ይፈታሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው ዋላም በእንግሊዝኛው «ዲር» ወይም «ሃርት» ስለሆነ ነገሩ የተረጋገጠ ይመስላል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የዱር «ዲር» የለም። በመላው አፍሪካም የተፈጥሮ መኖሪያው ሰሜኑ ጫፍ፣ አልጄሪያና ቱኒዝያ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ራሱ ላይ ያለው ነው። «ዲር» የሚያበቅለው «አንትለር» ይባላል፤ ጠንካራ አጥንት ሆኖ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል። የእኛዎቹ ያላቸው «ሆርን» ነው፤ አይረግፍም፣ ከእንስሳው ጋር ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል። «ሆርን» ያላቸውን እነዚህን የዱር እንስሳት ባንድነት «አንቴሎፕ» እንላቸዋለን። መጨረሻው «ሎፕ» ነው፣ «ሎፔ» አይደለም።

«አንቴሎፕ» ግን የወል ስም ነው። ከአዳማ በስተምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ መተሐራን ስታልፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አስፋልቱን ከሁለት በኩል ይዞት ታገኙታላችሁ። ከመንገዱ በስተደቡብ ያለው ሜዳ ኢላላ ሳላ ይባላል። ሳላ «ኦሪክስ» ነው። ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክት አለው፤ ቀንዶቹ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከጎን ሲታይ ሁለቱ ቀንዶች አንድ ይመስላሉ። አብሮት የሚግጠው ቂጡ ነጭ የሆነው የሜዳ ፍየል «ገዜል» ነው። ቁጥቋጦ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቆሙት፣ ከጥንቸል ብዙ የማይበልጡት እንሹዎች «ዲክዲክ» ይባላሉ፤ ይህን ስም ተማሪ አንዴ ከሰማው አይረሳውም። ቀንዱ የሚጠማዘዘው ትልቁ አጋዘን «ግሬተር ኩዱ»፣ አነስተኛው አምበራይሌ «ሌሰር ኩዱ»፣ ድኩላ «ቡሽበክ»፣ ከርከሮ ደግሞ «ዋርትሆግ» ነው። የመጨረሻው አንቴሎፕ አይደለም፤ ከዐሣማ ወገን ነው።

ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ያለው የሰንቀሌ መጠለያ የተቋቋመው ለአንድ እንስሳ ተብሎ ነው፤ ለቆርኬ። እንግሊዝኛው «ስዌይንስ ሃርትቢስት» ይለዋል። «ሃርትቢስት» ከአፍሪካንስ የመጣ ነው፤ ስዌይን ደግሞ በሶማሌ ምድር ያድን የነበረ የእንግሊዝ መኮንን ነው። ብዙ የእንግሊዝኛ የእንስሳ ስሞች እንዲህ የሰው ስም የተለጠፈባቸው ናቸው። ባለ ቀጭን ሰንበሩ የሜዳ አህያ «ግሬቪስ ዜብራ» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1882 አካባቢ ከአገራችን በስጦታ በተላከላቸው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ ስም ነው።

የእኛ ስም በእንግሊዝኛ

በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የዞረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። ካገኛቸው እንስሳት አንዳንዶቹን የአገሩ ሰው በሚጠራቸው ስም መዘገባቸው። ስለዚህ ዛሬ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ጀላዳ» ብትሉ ጭላዳ ነው፣ «ገሬዛ» ጉሬዛ ነው። የሰሜኑ ዋልያ «ዋሊያ አይቤክስ» ነው። «ዲፋሳ ዋተርበክ» ሲባል ደፈርሳን፣ «ቦሆር ሪድበክ» ሲባል ቦሆርን ነው የሚሉት። እነዚህን ለማስታወስ አዲስ ቃል መሸምደድ አያስፈልግም፤ የተለወጠውን ድምፅ ብቻ መያዝ ይበቃል።

ቀበሮና ተኩላ

ይህ ክፍል የተምታታ ነው፤ ያምታቱትም ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። የባሌና የአርሲ ተራሮች ቀይ ቀበሮ በድሮ መጻሕፍት «ሲሜን ፎክስ» ነበር። የዘር ጥናቱ ለተኩላ እንደሚቀርብ ካሳየ በኋላ «ኢትዮፒያን ዉልፍ» የሚለው ስም ጸና። ቆላ ላይ የሚታየው «ጎልደን ጃካል» የሚባለውም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ወደ ተኩላ ተቆጥሮ አሁን «አፍሪካን ዉልፍ» ይሉታል። ለፈተና የሚበቃው ይህ ነው፦ ቀይ ቀበሮን «ፎክስ» አትበሉ። ከአንድ በላይ ሲሆን ደግሞ «ዉልፍስ» ሳይሆን «ዉልቭዝ» ነው።

አንድ መንጋ፣ ብዙ ስም

አማርኛ ለበጉም ለወፉም ለአንበጣውም «መንጋ» ይላል። እንግሊዝኛ ይከፋፍለዋል። ለሳላና ለላም «ኸርድ»፣ ለበግና ለወፍ «ፍሎክ»፣ ለዝንጀሮ «ትሩፕ»፣ ለተኩላ «ፓክ»፣ ለዓሣ «ስኩል»፣ ለአንበጣና ለንብ «ስዎርም»። የአንበሳው ደግሞ «ፕራይድ» ነው፤ ቃሉ ኩራት ማለትም ነው። ከዚህ ያለፉትን፣ ለየወፉ የተለየ ስም የሚሰጡትን ረጃጅም ዝርዝሮች አትሸምድዱ፤ እንግሊዞቹም ለጨዋታ እንጂ አይጠቀሙባቸውም።

ውሃው፦ የሚሰፋና የሚሸሽ

የተፈጥሮ ቃላትን ለመማር ከስምጥ ሸለቆው የተሻለ መጽሐፍ የለም። ስምጥ ሸለቆ «ሪፍት ቫሊ» ነው። ግራና ቀኝ ያጠረው ገደል «ኤስካርፕመንት» ነው። የቢሾፍቱዎቹ ሆራና ባቦጋያ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ስለተኙ «ክሬተር ሌክ» ይባላሉ። ሶደሬ የምትዋኙበት ፍል ውሃ «ሆት ስፕሪንግ» ነው። ቆቃን ግን ሁላችንም «ሀይቅ» ብንለውም፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በተጠናቀቀው ግድብ የተጠራቀመ ውሃ ስለሆነ ትክክለኛው ቃል «ሬዘርቯር» ነው።

ወንዝ ሲነሣ «ሶርስ»፣ ሲያበቃ «ማውዝ» አለው፤ አፍ ማለት ነው። የአዋሽ «ሶርስ» ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ባለው ደጋ ነው፤ «ማውዙ» ግን ባሕር ላይ አይደለም፣ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ባለው አቤ ሀይቅ ነው። በመንገዱ የሚቀላቀሉት ሞጆና ከሰም ገባሮች፣ ማለትም «ትሪቢዩተሪ» ናቸው።

ሁለት ግሦችን ደግሞ ከሁለት ሀይቆች ጋር አስሩ። መተሐራ ከፈንታሌ ተራራ ሥር ያለው በሰቃ ሀይቅ ላለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መጥቷል፤ «ኤክስፓንድ» ማለት ይህ ነው። አብያታ ደግሞ እየሸሸ ነው፤ «ሽሪንክ» ይህ ነው።

አብያታ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አምስት ቃል አንድ ላይ ያስተምራል። ነጩ ፔሊካን ጎጆውን የሚሠራው፣ «ኔስት» የሚያደርገው፣ ሻላ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ነበር። ሻላ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ የሆነ ሀይቅ ነው፣ ደሴቲቱም ከአዳኝ፣ ከ«ፕሬደተር»፣ የራቀች ናት። ሻላ ውስጥ ግን ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለም። ስለዚህ ወፎቹ ለመመገብ፣ «ፊድ» ለማድረግ፣ በመካከል ያለውን ኮረብታ ተሻግረው ጥልቀት ወደሌለው አብያታ ይበሩ ነበር። ወደ አብያታ የሚገባው ውሃ ለመስኖና ለፋብሪካ ሲጠለፍ ሀይቁ ሸሸ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። የሚታደነው፣ «ፕሬይ»፣ ሲጠፋ አዳኙም መሄጃ ይፈልጋል። መኖሪያ፣ «ሃቢታት»፣ ማለት ጎጆው ያለበት ቦታ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ግልጽ ነው፤ ለፔሊካኑ ሁለቱም ሀይቆች አንድ መኖሪያ ነበሩ። በነገራችን ላይ «ፕሬይ» «ጸለየ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በድምፅ አንድ ነው፤ የሚለያቸው በአጻጻፍ አንድ ፊደል ብቻ ነው።

ድምፅ የሚያሳስቱ ጥቂት ቃላት

«ዋይልድ» ዱር ነው፤ «ዊልደርነስ» ግን ሰው ያልነካው በረሃ ወይም ጫካ። ሥራቸው አንድ ሆኖ አናባቢያቸው ይለያያል። «ኔቸር» እና «ናቹራል»ም እንዲሁ። ጅብ «ሃዪና» ነው፣ መሐሉ ይረዝማል። «ስፒሺዝ» አንድም ሲሆን ብዙም ሲሆን አይለወጥም፤ «ፊሽ» እና «ሺፕ»ም፣ በጉ ማለቴ ነው፣ እንደዚያው።

«ብርቅዬ» ሲተረጎም

በየሬዲዮውና በየቱሪዝም በራሪ ወረቀቱ «ብርቅዬ» የምንለው በእንግሊዝኛ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። «ሬር» በቀላሉ የማይገኝ ነው። «ኤንዴሚክ» በዚያ አገር ወይም ቦታ ብቻ የሚገኝ ነው፣ ቢበዛም ቢያንስም። «ኤንዴንጀርድ» ደግሞ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት ነው፣ የትም አገር ቢኖር።

ጭላዳ «ኤንዴሚክ» ነው፣ ግን «ኤንዴንጀርድ» ተብሎ አልተመዘገበም። የአዋሹ ሳላ «ኤንዴንጀርድ» ነው፣ ግን ኬንያም ስላለ «ኤንዴሚክ» አይደለም። የአርሲና የባሌው የደጋ አጋዘን፣ «ማውንቴን ኒያላ»፣ ሁለቱንም ነው። ቆርኬም ሁለቱንም ሆኗል፤ ቀድሞ በሶማሊያ ሜዳ በብዛት ይኖር የነበረው ከዚያ ጠፍቶ፣ ማለትም «ኤክስቲንክት» ሆኖ፣ አሁን ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ብርቅዬ» የሚል ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱ መጀመሪያ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሌላ አገር ይገኛል? ቁጥሩስ እየተመናመነ ነው? መልሱን ሳታውቁ ቃሉን አትምረጡ።