ቢጫውን ከበሽታው መነጠል፦ አዲስ ቁጥቋጦ ጽጌረዳ የማዳቀል አሠራር

ቢጫ ጽጌረዳ በግቢው የተከለ ሰው ክረምት ሲገባ የሚሆነውን ያውቃል። ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ነሐሴ ሳይጋመስ ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ እርቃኑን ይቀራል። አትክልተኛው የቱንም ያህል ቢለፋ የችግሩ ሥር ከዘሩ ነው።

ነገሩ ወደ ፈረንሳይ ይወስደናል። የሊዮኑ አዳቃይ ጆሴፍ ፔርኔ-ዱሼ ‹ፐርሺያን የሎ› የተባለውን ደማቅ ቢጫ የምዕራብ እስያ ጽጌረዳ አባት አድርጎ ለዓመታት ሲያዳቅል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1900 ‹ሶሌይ ዶር›ን ለገበያ አወጣ። የዛሬዎቹ ደማቅ ቢጫ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው ወደዚያ ይሄዳል። ከቢጫው ጋር ግን ጥቁር ነጠብጣብን የማይቋቋም ቅጠል አብሮ ገባ። ስለዚህ አዲስ ቢጫ ቁጥቋጦ ላዳቅል የሚል ሰው ከአበባው ይልቅ ቅጠሉ ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል። ቢጫ አበባ በየጊዜው ይገኛል፤ ቢጫ ሆኖ ቅጠሉን እንደለበሰ የሚከርም ግን ብርቅ ነው።

ወላጆችን መምረጥ

ሥራው የሚጀምረው ከማዳቀሉ በፊት፣ ነሐሴ ላይ ነው። የራስዎን ግቢ፣ የጎረቤትዎን አጥር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ዞር ዞር ብለው ይዩ። መድኃኒት ሳይረጭበት ቅጠሉን ይዞ የቆየው የትኛው ነው? ቀይም ይሁን ሮዝ፣ ቀለሙ አያስጨንቅዎ፤ አንዱ ወላጅ እሱ ነው። ሁለተኛው ወላጅ ቢጫው ይሆናል። እሱንም ሲመርጡ አበባው በፈካበት ዕለት ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ይመልከቱት። ቢጫውን የሚሰጡት ካሮቲኖይድ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በፀሐይ ይፈዛሉ፤ የደጋችን ፀሐይ ደግሞ አይምርም። በሦስተኛው ቀን ነጭ የሚሆን ቢጫ፣ ልጁም እንደዚያው ነው።

ወላጆቹ ሁለቱም ጥርት ያለ ቢጫ መሆን አለባቸው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ‹ጎልደን ሰለብሬሽን› ወርቃማ ቢጫ ቁጥቋጦ ነው። ወላጆቹ ‹ቻርልስ ኦስቲን› እና ‹አብርሃም ዳርቢ› ግን የኮክ ቀለም ያደላባቸው ናቸው፤ የሁለቱም አንደኛው ወላጅ ደግሞ ‹አሎሃ› የተባለ ሮዝ ቀለም ያለው ሐረግ ነው። ቀለም ተደብቆ ከርሞ በልጅ ልጅ ይወጣል። ቢጫን ከነጭ ጋር ማዳቀል ግን ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ክሬም ነው፤ እኔ አልመክረውም።

እናት መሆን የምትችለውን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ የጠወለጉትን አበቦች ሳይቆርጡ ይተዉ። ፍሬ የቋጠረው ቁጥቋጦ እናት ይሆናል፤ የማይቋጥረው በአባትነት ይሞከራል። አበባው እጅግ የተደራረበ ከሆነ የአበባ ዱቄቱ ትንሽ ስለሚሆን ለአባትነት ብዙም አይመችም።

የአገራችንን ቀጋ ከቢጫ ጋር ላዳቅል የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ደስ የሚልም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ቀጋ አበባው ነጭ ነው። በዚያ ላይ ብዙ የዱር ጽጌረዳዎች 14 ክሮሞዞም ሲኖራቸው የአትክልት ቦታዎቹ አብዛኞቹ 28 አላቸው። 14 እና 28 ሲገናኙ 21 ያለው ልጅ ይወለዳል፤ እሱም በአብዛኛው መካን ነው። ለጀማሪ ሥራ አይደለም።

ማዳቀሉ

በደጋው ምርጡ ጊዜ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው። ዝናብ ዱቄቱን ያጥባል፣ እርጥበት የተገፈፈውን እንቡጥ ያሻግታል።

ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ ቀለሙን ያሳየ፣ የውጩ ቅጠሎቹ ላላ ማለት የጀመሩ፣ ነገር ግን ገና ያልተከፈተ እንቡጥ ይምረጡ። የአበባውን ቅጠሎች በሁለት ጣት ይዘው ቀስ እያሉ እያጠማዘዙ ይንቀሏቸው፤ ቁራጭ እንዳይቀር፣ የቀረው ይበሰብሳል። አሁን ውስጡ ይታያል። መሐል ላይ ተጠጋግተው የቆሙት ሴቴዎቹ ናቸው። ዙሪያቸውን የከበቡት፣ በጫፋቸው ቢጫ ከረጢት የተሸከሙት ቀጫጭን ክሮች ደግሞ ወንዴዎቹ ናቸው። ከረጢቶቹ ለስላሳና ዝግ ከሆኑ በጊዜው ደርሰዋል። ፈንድተው ዱቄት ከነሰነሱ ግን እንቡጡ ራሱን አዳቅሎ ሊሆን ይችላልና ይተዉት፤ ሌላ ይፈልጉ። በወረንጦ ወይም በጥፍር መቁረጫ መቀስ ወንዴዎቹን አንድም ሳያስቀሩ ዙሪያውን ያንሱ። ከዚያ እንቡጡን በትንሽ የወረቀት ከረጢት ሸፍነው አፉን በክር ይሰሩ፤ ንብ ከሌላ አበባ ዱቄት ይዛ እንዳትመጣ ነው።

በዚያው ዕለት ከአባትየው ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ካለ እንቡጥ ወንዴዎቹን ቆርጠው በስኒ ማስቀመጫ ላይ ይዘርጉ፤ ፀሐይና ነፋስ የማይደርስበት ደረቅ ቦታ ያሳድሯቸው። በማግስቱ ከረጢቶቹ ፈንድተው ማስቀመጫው ላይ ቢጫ ዱቄት ያገኛሉ። የእናቲቱ ሴቴ ጫፎችም በዚያው ሰዓት ገደማ ወዝተው ይጣበቃሉ። ዱቄቱን በንጹሕ ጣት ወይም በሥዕል ብሩሽ ቀብተው እንደገና ይሸፍኑ። በሚቀጥለው ቀን ቢደግሙት አይከፋም። አባት በቀየሩ ቁጥር ብሩሹን በአልኮል አጥበው ያድርቁ።

መለያ ወረቀት ሳያስሩ ከቁጥቋጦው አይራቁ። መጀመሪያ የእናት ስም፣ ከዚያ የማባዛት ምልክት፣ ከዚያ የአባት ስም፣ ቀኑን ጨምረው በእርሳስ ይጻፉ። የእስክሪብቶ ቀለም ፀሐይ ያጠፋዋል፤ ወላጆቹ ያልታወቁ ችግኝ ደግሞ ቢያምርም የሚቀጥለውን ማዳቀል አያስተምርም።

ፍሬና ዘር

ከሳምንት በኋላ ከረጢቱን ያንሱ። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ያልያዘው ቢጫ ሆኖ ይወድቃል፣ የያዘው ያብጣል። ለመብሰል ከሦስት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ይፈልጋል፤ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ሲሆን፣ ሳይጨማደድ ይልቀሙት። ቀጋ የበላ ሰው ፍሬው ውስጥ ያለውን የሚያሳክክ ጸጉር ያውቀዋል። ዘሮቹን ከዚያ አጥበው ይለዩ።

የጽጌረዳ ዘር ብርድ ሳይቀምስ በቀላሉ አይነቃም። በቀዝቃዛ አገር ይህን የሚሠራው የበረዶው ወራት ነው፤ እኛ ጋ ፍሪጅ ይሠራዋል። ዘሩን በረጠበ፣ ውኃው በተጨመቀ ሶፍት ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ያድርጉና ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ባለው የፍሪጁ ክፍል ከ6 እስከ 10 ሳምንት ያቆዩት። በረዶ ቤት ውስጥ አያስገቡ። በየሳምንቱ ከፍተው ይዩ፤ የሻገተ ካለ ሶፍቱን ይቀይሩ፣ የበቀለ ካለ ወዲያው ይትከሉት።

ከዚያ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነና ከሥሩ በተበሳ ሳጥን፣ እኩል አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት ሞልተው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብረው ይዝሩ። ጊዜው ክረምት መግቢያ ስለሚሆን ብርሃን በሚያስገባ ጣሪያ ሥር ያድርጉት። አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከወር በኋላ ብቅ ይላል። ከግማሽ በላይ ሳይበቅል ቢቀር አይደንግጡ፤ ሳጥኑንም አይድፉት፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚነቃ አለ።

ማስወገድ

ሁለቱም ወላጆች ደጋግመው የሚያብቡ ከሆኑ ብዙዎቹ ችግኞች በበቀሉ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ የመጀመሪያ አበባቸውን ያሳያሉ። አበባው ትንሽና ስስ ነው፤ በቅርጹ አይፍረዱበት። ለቀለሙ ግን ፍንጭ ይሰጣል። ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፦ መድኃኒት መርጨት የለም። እንዲያውም ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ያረጀ ቁጥቋጦ በመካከላቸው ያቁሙ፣ በሽታው ወደ ሁሉም ይድረስ። ክረምቱ ሲያልቅ ቅጠሉን ያራገፈውን፣ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይንቀሉ። ለክሽክሽ ሲሆን ግን በውኃ ማጠብ ይበቃል፤ በክሽክሽ ምክንያት ችግኝ አይጣልም።

ትላልቆቹ አዳቃዮች ከብዙ ሺህ ችግኝ ጥቂቱን ብቻ ያስቀራሉ። እርስዎም ከመቶ ችግኝ ሁለት ወይም ሦስት ቢተርፍዎ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን አዝኖ ሃያውን በማቆየቱ ነው፤ ቦታው ይሞላል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር መዝሪያ ያጣል።

የተረፈውን ከእርሳስ በወፈረ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ግንድ እየቆረጡ ያባዙትና ሌሎች ቦታዎች ይሞክሩት። አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ የነበረ ቅጠል ባሕር ዳር ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ሌላ ባሕርይ ሊያሳይ ይችላል። ቢያንስ ሦስት ክረምት ሳያዩ ስም አያውጡለት።

ስም ሲወጣለት የጽጌረዳ ዝርያዎችን ስም በዓለም ደረጃ የሚመዘግበው የአሜሪካ የጽጌረዳ ማኅበር ነው። አዳቃዮች ከንግድ ስሙ ሌላ ሦስት የራሳቸውን ፊደላት ያስቀደመ መለያ ይሰጣሉ፤ የዴቪድ ኦስቲን ‹ግርሃም ቶማስ› ለምሳሌ ‹አውስማስ› ተብሎ ተመዝግቧል። በአገራችን የዕፅዋት አዳቃዮች መብት በአዋጅ ቁጥር 1068/2009 ተደንግጓል። መብቱን የሚሰጠው አዲስ ለሆነ ዝርያ ስለሆነ፣ ማመልከት የሚያስቡ ከሆነ ችግኙን ከመሸጥዎ በፊት ሕጉን የሚያውቅ ሰው ያማክሩ።