ተደራጊ ግሥና የተሰወረ ባለቤት

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. መርከበኞቹ ሰዎችን ወደ ባሕር ወረወሩ።
ለ. ሰዎች ወደ ባሕር ተወረወሩ።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ወረወሩ» አድራጊ ግሥ ነው፤ ባለቤቱም «መርከበኞቹ» ነው። በሁለተኛው ግን ግሡ ተደራጊ ስለሆነ፣ ተሳቢ የነበረው «ሰዎች» የባለቤቱን ቦታ ይዟል፤ ወርዋሪው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ተደራጊ ግሥ አድራጊው በማይታወቅበት ወይም መጠቀሱ በማያስፈልግበት ጊዜ ተገቢ ነው። አድራጊው እየታወቀ ሲሰወር ግን እውነቱ ይጎድላል።

ይህን በአንድ የባሕር ሥዕል እንመልከት፤ ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1781 ዞንግ የተባለችው የሊቨርፑል ነጋዴዎች መርከብ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ጭና ወደ ጃማይካ ትጓዝ ነበር። መርከበኞቹ ውኃ አነሰን በማለት ወደ 130 የሚሆኑትን ከነሕይወታቸው ወደ ባሕር ወረወሩ። በ1783 የመርከቧ ባለቤቶች በለንደን ፍርድ ቤት ቀርበው ለእያንዳንዱ ሟች 30 ፓውንድ የመድን ካሣ ጠየቁ። በክርክሩ ሰዎቹ እንደ ጠፋ ዕቃ ተቈጠሩ። በነፍስ ግድያ የተከሰሰ አንድም ሰው አልነበረም።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ተርነር በ1840 ለሕዝብ ያሳየው ሥዕል ብዙ ጊዜ ከዚህ ድርጊት ጋር ተያይዞ ይነሣል። መርከቧ ከሩቅ በማዕበል ትናወጣለች፤ ሰማዩ ደም መስሏል፤ ከፊት ለፊት ሰንሰለት የታሰረበት እግር ከውኃው ወጥቶ ይታያል። ወርዋሪዎቹ ግን ተለይተው አይታዩም። እነርሱን የሚያጋልጠው የሥዕሉ ርዕስ ነው፦ «የባሪያ ነጋዴዎች ሙታንንና በማጣጣር ላይ ያሉትን ወደ ባሕር ሲወረውሩ፤ አውሎ ነፋስ ሲቃረብ»። ዛሬ ሥዕሉ በይበልጥ የሚታወቀው «የባሪያ መርከብ» በሚለው አጭር ስም ነው፤ በዚህ ስም ውስጥ ወርዋሪዎቹም ሆኑ ድርጊታቸው የሉም። ሠዓሊው ራሱ በ1805 ባሮች ይሠሩበት በነበረ የጃማይካ ከብት እርባታ ላይ 100 ፓውንድ አውጥቶ ነበር፤ ይህንንም ሥዕሉ አይናገርም።

ስለዚህ ስለ ሥዕልም ሆነ ስለ ታሪክ ድርሰት ስትጽፉ፣ ተደራጊ ግሥ ባጋጠማችሁ ቁጥር «አድራጊው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካገኛችሁ፣ ስሙን በተገቢው ቦታ አስቀምጡት።

መልመጃ

1. «በክርክሩ ሰዎቹ እንደ ጠፋ ዕቃ ተቈጠሩ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ግሡን ወደ አድራጊ ለውጣችሁ ጻፉ። ባለቤት አድርጋችሁ ማንን መረጣችሁ? ምክንያታችሁንም ግለጹ።
2. የምታውቁትን አንድ ሥዕል መርጣችሁ፣ በአንድ አንቀጽ የሚታየውን፣ በሌላ አንቀጽ ደግሞ ሥዕሉ የማያሳየውን አድራጊ አብራሩ።